የኒኮቲን ፕላስተር ቆዳ ያጠቁራል? ከአፄ ዮሐንስ ክልከላ እስከ ክንዳችን ላይ ያለው ፕላስተር

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተቀራራቢ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። አንዲት እናት ከዳንግላ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ "ዶክተር፣ ባለቤቴ ሲጋራ ለማቆም ውጭ አገር ያለ ወንድሙ የላከለትን ፕላስተር ይለጥፋል። ክንዱ ላይ አራት ማዕዘን ጥቁር ምልክት ወጣበት። ሰዎች መርዙ በቆዳህ እየወጣ ነው ስላሉት ሊተወው ነው።" አንድ ወጣት ደግሞ ከእንጅባራ "የኒኮቲን ማስቲካ ድዴን አጠቆረው ወይ?" ሲል ጠይቋል።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። አዎ፣ ፕላስተሩ የተለጠፈበት ቦታ ሊቆጣ፣ ሊያሳክክ፣ ከዚያም ሊጠቁር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ላይ ላዩን ያለና በጊዜ የሚጠፋ ምልክት ነው፤ መርዝ እየወጣ አይደለም። ለዚህ ምልክት ብሎ ፕላስተሩን ጥሎ ወደ ሲጋራ መመለስ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ረጅሙ መልስ ግን ታሪክ አለው። ትምባሆ በአገራችን ምን ዓይነት መንገድ እንደሄደ፣ ፕላስተሩ ራሱ እንዴት ከቆዳ ታሪክ እንደተወለደ፣ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው ወረቀትስ ለምን የእኛን ቆዳ በደንብ እንደማይገልጽ ላጫውታችሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከክልከላ ወደ ሞኖፖል

ትምባሆ ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ ዓለምን የዞረ ተክል ነው። በአገራችንም በጋያ ሲጨስ፣ በሱረት መልክ በአፍንጫ ሲሳብ ኖሯል። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ግን አጥብቆ የተወገዘ ነበር። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን ከልክለው ነበር። ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር ይነገራል። ቅጣቱ ፊት ላይ የሚቀር፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ምልክት ነበር ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ተገላበጠ። እ.ኤ.አ. በ1942 መንግሥት የትምባሆ ሞኖፖል አቋቋመ። ድሮ የከለከለው ቤተ መንግሥት አሁን ሻጭ ሆነ። በኋላ ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት የተባለው ይህ ተቋም በኒያላ ሲጋራው ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅጠሉም እንደ ሸዋ ሮቢትና ብላቴ ባሉ እርሻዎች ይመረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ 40 በመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገ።

ሕጉም ዘግይቶ ደረሰ። በ2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 822 አጸደቀች። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው የተዘጉ ቦታዎችና በሥራ ቦታ ማጨስን፣ ማስታወቂያን እና ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው መሸጥን ከለከለ፤ የፓኬቱን 70 በመቶ የሚሸፍን በሥዕል የተደገፈ ማስጠንቀቂያም ግዴታ አደረገ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ በሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በተጨማሪም በእያንዳንዱ ፓኬት 8 ብር ተጣለ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሕግ እንዳይጀመር የሚከለክል ነው። የጀመረው ሰው እንዴት ያቁም የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም መልስ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 5 በመቶው ትምባሆ ተጠቃሚ ነበር፤ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ቁጥሩ ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አጫሹ ብቻውን ቀርቷል። ለማቆም የሚረዱ መድኃኒቶች በዞናችን ከተሞች ፋርማሲ ገብታችሁ እንደ ፓራሲታሞል የምትገዟቸው አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ የማያቸው ከዘመድ ሻንጣ የወጡ ናቸው፤ ወረቀቱም በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያስረዳ ሰው የለም።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ አካባቢ ሲጋራ ነውር ነው። ሰው ከእናቱ፣ ከንስሐ አባቱ፣ ከሚስቱ ቤተሰብ ተደብቆ ያጨሳል። ተደብቆ ያጨሰ ሰው ተደብቆ ነው የሚያቆመውም። ለዚህ ሰው ክንዱ ላይ የወጣች አንዲት ጥቁር ምልክት የቆዳ ጉዳይ ብቻ አይደለችም፤ "ታወቀብኝ" ማለት ናት። ስለዚህ እናቶች፣ እባካችሁ፣ ምልክቱን ስታዩ አትደንግጡ፣ አትቆጡም። ሰውየው እያቆመ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ፕላስተሩ ከየት መጣ?

ኒኮቲን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1560 አካባቢ ትምባሆን ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ከላከው በፖርቱጋል የፈረንሳይ አምባሳደር ከዣን ኒኮ ነው። ንጥረ ነገሩን ለይተው ያወጡት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1828 በጀርመን ሃይደልበርግ የነበሩት ፖሰልትና ራይማን ናቸው። ሱስ የሚያስይዘው ይሄው ኒኮቲን ነው። ካንሰርና የሳንባ በሽታ የሚያመጣው ግን በዋናነት ጭሱ፣ ማለትም በውስጡ ያለው ሬንጅና ሌላው መርዝ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ የመድኃኒቱ ሐሳብ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ሱሱን በትንሽ በትንሹ እየመገቡ ጭሱን ማስቀረት።

መጀመሪያ የመጣው ማስቲካው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበረው ክሌስ ሉንድግሬን ለመድኃኒት ቀማሚው ኡቬ ፈርኖ ደብዳቤ ጻፈ። በሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ማጨስ ክልክል ስለሆነ መርከበኞቹ አፍ ውስጥ በሚያዝ ትምባሆ ሱሳቸውን እንደሚያስታግሱ ነገረው። ፈርኖም ከዚህ ተነስቶ የኒኮቲን ማስቲካ ሠራ። ማስቲካው እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊዘርላንድ፣ በ1984 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

የፕላስተሩ ታሪክ ደግሞ ከእርሻ ይጀምራል። እርጥብ የትምባሆ ቅጠል የሚለቅሙ ሠራተኞች ሳያጨሱ ያቅለሸልሻቸው፣ ያስመልሳቸው፣ ራሳቸውን ያዞራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ፍሎሪዳ የነበሩ ሐኪሞች ይህን ሕመም መዝግበው አወጡት። ምክንያቱ ጤዛውና ላቡ ያሟሟው ኒኮቲን በቆዳ በኩል ወደ ደም መግባቱ ነበር። በሎስ አንጀለስ የነበሩት ተመራማሪዎች መሪ ጃርቪክና ጄድ ሮዝ ከዚህ ተነስተው "በቆዳ ገብቶ የሚያሳምም ከሆነ፣ ተመጥኖ በቆዳ ቢገባ ሱስ አያስተውም ወይ?" ብለው አሰቡ። ሙከራውን በራሳቸው ቆዳ ላይ ጀመሩ። ፕላስተሩ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ በ1996 ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2009 ማስቲካውንና ፕላስተሩን አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው።

ይሠራል ወይ? አዎ። ከ64 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች የሰበሰበ ትልቅ ግምገማ የኒኮቲን ምትክ መድኃኒቶች ሲጋራ የማቆም ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ እንደሚጨምሩ አሳይቷል።

ወረቀቱ "መቅላት" ይላል፤ የእኛ ቆዳስ?

የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች በብዛት የተሠሩት በአሜሪካና በአውሮፓ ነጮች ላይ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት የጎንዮሽ ጉዳቱን "መቅላት" ብሎ ይገልጸዋል። ነጭ ቆዳ ሲቆጣ ቀይ ይሆናል። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ግን ሁልጊዜ ቀይ አይሆንም፤ ወይን ጠጅ፣ ጠቆር ያለ ቡኒ ወይም ግራጫ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አትዩ። በእጃችሁ ዳስሱት፦ ይሞቃል? አብጧል? ያሳክካል? ሻክሯል?

በጥቁሮች ላይ የተሠራ ጥናት የለም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ የአትላንታ ጥናት 410 ጥቁር አሜሪካውያን ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ እውነተኛ፣ ግማሾቹ ኒኮቲን የሌለበት ፕላስተር ተሰጣቸው። በ10ኛው ሳምንት እውነተኛውን ከለጠፉት 205 ሰዎች 44ቱ፣ ከሌሎቹ 205 ደግሞ 28ቱ ማጨስ አቁመው ነበር። በስድስተኛው ወር ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መድኃኒቱ ለጥቁር ቆዳም ይሠራል፤ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የቤተሰብና የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ጥቁሩ ምልክት እንምጣ። ፊታችሁ ላይ ብጉር ወጥቶ ሲጠፋ ጥቁር ነጥብ ትቶ ይሄድ የለም? በልጅነት ትንኝ የነከሳችሁ ቦታስ? ይሄም ያው ነው። ኒኮቲኑ፣ ሙጫው፣ በፕላስተሩ ሥር የሚታፈነው ላብ ቆዳውን ያስቆጡታል። ቁጣው ሲበርድ ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡት ሕዋሶች ሜላኒን የተባለውን ቀለም ከሚገባው በላይ አምርተው ይተዋሉ። ቆዳችን ጠቆር ባለ መጠን ምልክቱ ይበልጥ ይጎላል፤ ይቆያልም። ቁጣው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል፤ ጥቁረቱ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል። አራት ማዕዘን መሆኑ አያስፈራችሁ፤ የፕላስተሩ ቅርጽ ነው።

ስለ ብርዱም ልጨምር። "የእንጅባራ ብርድ ካለ ሲጋራ አይገፋም" የሚል ብዙ ሰው አለ። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ኒኮቲን የቆዳን የደም ሥሮች ያጠባል፤ ጣታችሁን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል፣ ቆዳውንም ያገረጣዋል።

ድድ ለምን ይጠቁራል?

ለወጣቱ ጥያቄ መልሱ ትንሽ ረዘም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሄዲን የተባለ ስዊድናዊ የጥርስ ሐኪም የአጫሾች ድድ፣ በተለይ የታችኛው የፊት ጥርስ ድድ፣ እንደሚጠቁር ጽፎ አወጣ። በ1993 እሱና ባልደረቦቹ ማጨስ ሲቀንስ ጥቁረቱ ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ አሳዩ፤ እስከ 3 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ለዓመታት አጭሶ ገና ማስቲካ የጀመረ ሰው ድዱ ጠቁሮ ቢያገኘው፣ ከማስቲካው በፊት ሲጋራውን ይጠርጥር። ጥርስን የሚያቢጨውም የጭሱ ሬንጅ ነው፤ ማስቲካው ሬንጅ የለውም።

ግን ጠንቀቅ በሉ። በእኛ አገር ብዙ ሰው ከተፈጥሮው ድዱ ጠቆር ያለ ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ደግሞ ለውበት ብለው ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር። ስለዚህ ድድ አይታችሁ "ይሄ አጫሽ ነው" ብላችሁ ማንንም አትፍረዱ።

ወላጆች፣ ይቺን ደግሞ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የጃፓን ጥናት ወላጆቻቸው የሚያጨሱ ልጆች ድድ ከሌሎቹ ልጆች በበለጠ ጠቁሮ እንደሚገኝ አሳይቷል። ልጁ ሲጋራ ነክቶ አያውቅም፤ የአባቱ ጭስ ግን ደርሶታል። አባት ሲያቆም የሚድነው ራሱ ብቻ አይደለም።

ምልክቱ እንዳይወጣ ምን እናድርግ?

1. ቦታ ቀያይሩ። በየቀኑ አዲስ ቦታ ላይ ለጥፉ፦ የክንድ ላይኛው ክፍል፣ ደረት፣ ጀርባ። ወደ ቀድሞው ቦታ ቢያንስ ሳምንት ሳይሞላ አትመለሱ።
2. ቆዳው ንጹሕ፣ ደረቅና ጸጉር የሌለው ይሁን። ቫዝሊን፣ ቅቤ ወይም ሎሽን የተቀባ ቆዳ ላይ አትለጥፉ። ጸጉር ካለ በመቀስ ከርክሙት እንጂ በምላጭ አትላጩት። የቆሰለ ወይም ሽፍታ ያለበት ቦታ ላይም አይለጠፍም።
3. ከተጻፈው ሰዓት በላይ አታቆዩት። የ16 ሰዓትም የ24 ሰዓትም ፕላስተር አለ። በየ24 ሰዓቱ የሚቀየረው ባለ 21፣ 14 እና 7 ሚሊግራም ሆኖ ይመጣል፤ መጠኑም ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። ከየትኛው እንደምትጀምሩ በቀን የምታጨሱት ይወስነዋል፤ ሐኪም ጠይቁ።
4. ጥቁሩን ምልክት ለማጥፋት አትቸኩሉ። ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የሚያነጣ ክሬም አትቀቡ። ከገበያ የሚገዙ ብዙ ማንጫዎች ስቴሮይድ አለባቸው፤ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ሌላ ጠባሳ ያመጣሉ። አትከኩት፣ ከፀሐይ ከልሉት፣ ጊዜ ስጡት።
5. ለኤምአርአይ ምርመራ ከተላካችሁ ፕላስተሩን አስቀድማችሁ አንሱ። አንዳንዶቹ ከጀርባቸው ስስ ብረት ስላላቸው በማሽኑ ውስጥ ግለው ቆዳ ያቃጥላሉ።
6. ፕላስተሩ ካልተስማማችሁ ወደ ሲጋራ አትመለሱ። ማስቲካውን መሞከር ይቻላል። እሱም እንደ ኬኬ ማስቲካ አይታኘክም፤ ጥቂት አኝካችሁ ሲለበልባችሁ በጉንጭና በድድ መካከል ያዙት።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ፣ ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ወደ ጤና ተቋም መቼ እንምጣ?

ቁጣው ከ4 ቀን በላይ ከቆየ፣ ቆዳው ካበጠ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ሽፍታው ከፕላስተሩ ድንበር ካለፈ መጠቀም አቁማችሁ ኑ። መላ ሰውነት ከሸፈፈ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ መተንፈስ ከከበደ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ኑ። ድንገተኛ መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማስመለስና የልብ ምት መፍጠን ካለ ኒኮቲኑ በዝቷል፤ ፕላስተሩን ወዲያው አንሱና ኑ።

የቀለም ለውጥ ሁሉ ደግሞ የፕላስተር ሥራ አይደለም። ዓይን ቢጫ ከሆነ ጉበት ይታያል። ፕላስተር ባልተለጠፈበት ቦታ ነጣ ያለና ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ሕክምናውም በነጻ ነው። "ከፕላስተሩ ነው" ብላችሁ አትለፉት።

ልጆች ባሉበት ቤት

ተለጥፎ የተነሳ ፕላስተር ውስጥ ኒኮቲን ይቀራል፤ ለአዋቂ ያለቀ ቢመስልም ሕፃን ልጅን ሊመርዝ ይችላል። ስታነሱት የሚያጣብቀውን ጎን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ልጅ በማይደርስበት ጣሉት። እጃችሁን በውኃ ታጠቡ። ማስቲካውንም ከረሜላ ከሚቀመጥበት አርቁት። ልጅ ፕላስተር ለጥፎ ካገኛችሁት አንሱለት፣ ቦታውን ያለ ሳሙና በውኃ እጠቡለት፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ውጦ ከሆነ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ይዛችሁት ሩጡ። ልጁ ገርጥቶ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ እያስመለሰው ወይም እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ደቂቃ አታባክኑ።

አንድ የመጨረሻ ምልክት ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመት ያጨሰ ሰው ጥፍሩ በሬንጅ ይቢጫል። ካቆመበት ቀን ጀምሮ ግን ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ያድጋል፤ በቢጫውና በንጹሑ መካከልም መስመር ይታያል። መስመሩ ከሥር እየራቀ በ6 ወር ገደማ ጫፍ ይደርሳል፤ ይቆረጥና ይጠፋል። ክንዱ ላይ ያለችው ጥቁር ምልክት ያስጨነቀችው ሰው ጥፍሩን ይመልከት። ሁለቱም ይጠፋሉ።

ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስማችሁ አይወጣም። ሲጋራ ለማቆም የሚታገል ሰው ካወቃችሁ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት።